ተራ መልቀቅ ፍርሃት አይደለም፦ ስለ ኤንኤፍኤል ድራፍት ለተጻፈው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን የአሜሪካ ፉትቦልን በምንከታተል ሰዎች መካከል አንድ ጽሑፍ ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር ሰንብቷል። አጻጻፉ ጥሩ ነው፤ ጸሐፊውም ጨዋታውን በቅርብ የሚያውቁ መሆናቸው ያስታውቃል። ድምዳሜያቸው ግን ስህተት ነው ብዬ አምናለሁ። ብዙ ሰው "እውነት ነው" እያለ ሲቀባበለው እያየሁ ዝም ማለት አልቻልኩም።

ጉዳዩ አዲስ ለሆነበት አንባቢ ባጭሩ፦ በየዓመቱ የፀደይ ወቅት 32ቱ የኤንኤፍኤል (የአሜሪካ ፉትቦል ሊግ) ቡድኖች ከኮሌጅ የሚወጡ ተጫዋቾችን በሰባት ዙር ተራ በተራ ይመርጣሉ፤ ድራፍት የሚባለው ይህ ነው። ባለፈው ዓመት የተዳከመው ቀድሞ ይመርጣል፣ ሻምፒዮኑ መጨረሻ ላይ ይቆማል። ተራው የቡድኑ ንብረት ስለሆነ ከሌላ ቡድን ጋር መለወጥ ይቻላል። የፊት ተራውን ለሌላ ለቅቆ ወደ ኋላ የሚወርድ ቡድን በምትኩ ተጨማሪ ተራዎችን ይቀበላል። ክርክሩ በዚህ ላይ ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

የጸሐፊውን ሐሳብ ሳላዛባ ላስቀምጥ። ዋንጫ የሚያመጣው ኮከብ ነው፣ አራት መካከለኛ ተጫዋች ተደምሮ አንድ ኮከብ አይወጣውም ይላሉ፤ ለዚህም ኳርተርባኩን (ማጥቃቱን የሚመራውን ኳስ ወርዋሪ) ፓትሪክ ማሆምስንና ኳስ ተቀባዩን ጁሊዮ ጆንስን ይጠቅሳሉ። ቀጥለው፣ ተራ የሰበሰቡት ቡድኖች፣ ራምስና ብራውንስ፣ ምን ላይ ደረሱ ብለው ይጠይቃሉ። ከዚያም በቡድን ውስጥ ያለው ቦታ 53 ብቻ ስለሆነ ትርፉ ተራ መጨረሻው ቅነሳ ነው ይላሉ። ራምስ ያለ አንደኛ ዙር ምርጫ የ2022ቱን ሱፐር ቦውል (የሊጉን የዋንጫ ፍጻሜ) ማሸነፉንም ተራ ዋጋ እንደሌለው ማሳያ ያደርጉታል። መዝጊያቸው ከሁሉም ይከብዳል፦ ወደ ኋላ የሚወርድ ሥራ አስኪያጅ የገዛ ዓይኑን የማያምን ፈሪ ነው ይሉናል።

የምጀምረው ከዚህ ከመጨረሻው ነው፤ የቀሩት ሁሉ የቆሙት በእሱ ላይ ነውና። ጸሐፊው ተጫዋች የሚመለምል ሰው "የቱ እንደሚሻል" ያውቃል ብለው ይነሳሉ። ያውቃል?

በ2014 ራምስ በአንድ ምሽት ሁለት ምርጫ ነበረው። በ2ኛው ተራ ግሬግ ሮቢንሰን የተባለ የአጥቂ መስመር ተጫዋች መረጠ፤ በ13ኛው ተራ አሮን ዶናልድን ወሰደ። ሮቢንሰን ከሦስት የጨዋታ ዘመን በኋላ ከቡድኑ ለቀቀ። ዶናልድ በ2017፣ በ2018 እና በ2020 የሊጉ ምርጥ ተከላካይ ተብሎ ተሸለመ፣ በትውልዱ ወደር አልነበረውም። የመረጡት ሰዎች እነዚያው ናቸው፤ ሁለቱንም ያዩት በእነዚያው መልማዮች ዓይን ነው። ሆኖም ሮቢንሰንን ቀድመው ጠሩ። ዶናልድ እስከ 13 ድረስ ሳይነካ የቆየውም ሌሎች ቡድኖች ጭምር ስላለፉት ነው። እነዚህን ሰዎች ሰነፍ የሚል ካለ እኔ አልስማማም፤ ሥራቸውን ጠንቅቀው የሠሩ ባለሙያዎች ናቸው። ጠንቅቆ መሥራት የሚያደርሰው ግን እስከዚያ ድረስ ብቻ ነው።

በዋሽንግተን ዙሪያ የምንኖር ደግሞ የራሳችን ምሳሌ አለን። የ2012ቱ ድራፍት ላይ ቡድናችን ኳርተርባኩን ሮበርት ግሪፈን ሦስተኛውን በ2ኛው ተራ ለመውሰድ ሦስት የአንደኛ ዙር ተራዎችንና አንድ የሁለተኛ ዙር ተራ ለራምስ ከፈለ። በዚያው ድራፍት፣ በአራተኛው ዙር፣ በ102ኛው ተራ ሌላ ኳርተርባክ፣ ከርክ ከዝንስን፣ መረጠ። ግሪፈን የመጀመሪያ ዓመቱን በድንቅ ብቃት ተጫወተ፤ ከዚያ ጉልበቱ ተጎዳና እንደ በፊቱ ሊሆን አልቻለም። በ2015 ቡድኑን የምድቡ አሸናፊ ያደረገው 102ኛው ሰው ነው። ሳን ፍራንሲስኮም እንዲሁ በ2021 ትሬ ላንስን በ3ኛው ተራ ለመውሰድ ሦስት የአንደኛ ዙር ተራዎችንና አንድ የሦስተኛ ዙር ተራ አወጣ። በቀጣዩ ዓመት በድራፍቱ የመጨረሻ ተራ፣ በ262ኛው፣ ብሮክ ፐርዲን አገኘ። ላንስ በአንድ የአራተኛ ዙር ተራ ወደ ዳላስ ተሸኘ፤ ፐርዲ ቡድኑን እስከ ሱፐር ቦውል አደረሰ።

እነዚህ ተመርጠው የቀረቡ ገጠመኞች ናቸው ሊባል ይችላል። ሪቻርድ ታለርና ኬድ ማሲ የተባሉ ተመራማሪዎች ግን ነገሩን በቁጥር አይተውታል (ታለር በኋላ በ2017 በምጣኔ ሀብት ኖቤል ተሸልሟል)። በአንድ ቦታ የሚጫወቱ፣ ተከታትለው የተመረጡ ሁለት ሰዎችን እያነጻጸሩ ቀድሞ የተመረጠው በርግጥ ተሽሎ ተገኘ ወይ ብለው ጠየቁ። መልሱ ከመቶ 52 ገደማ ነበር፤ ሳንቲም ወርውሮ ከመገመት ብዙም አይርቅም። ገበያው ግን የሚያስከፍለው የሚመጣው ሰው ከወዲሁ እንደታወቀ አድርጎ ነው። የዳላስ አሠልጣኝ የነበሩት ጂሚ ጆንሰን በ1990ዎቹ መጀመሪያ ባስለመዱት የዋጋ ሰንጠረዥ 1ኛው ተራ 3,000 ነጥብ፣ 16ኛው ተራ 1,000 ነጥብ ያወጣል። አንዱን ሰጥቶ ሦስት መቀበል ማለት ነው። የ52 በመቶ እርግጠኝነት ላለው ሰው ይህ ዋጋ ውድ ነው፤ ሻጭ መሆን የሚያዋጣውም ለዚህ ነው።

እዚህ ላይ ለጸሐፊው የምተውላቸው ነገር አለ። ጥናቱ የተሠራበት ዘመን የመጀመሪያዎቹ ተመራጮች የሚከፈላቸው ገንዘብ እጅግ ብዙ የነበረበት ነው። በ2010 አንደኛ የወጣው ሳም ብራድፎርድ ለስድስት ዓመት በ78 ሚሊዮን ዶላር ፈረመ፤ በ2011 የጀማሪዎች የደመወዝ ሥርዓት ሲቀየር አንደኛ የወጣው ካም ኒውተን ያገኘው ለአራት ዓመት 22 ሚሊዮን ገደማ ነው። ስለዚህ ዛሬ የፊት ተራ ከያኔው ይልቅ ያዋጣል፤ የድሮውን ስሌት እንዳለ ማምጣት ትክክል አይሆንም። ነገር ግን የተቀየረው ለተጫዋቹ የሚከፈለው ነው። የመልማዩ ዓይን ከ2011 በኋላ አልተለወጠም፤ ሮቢንሰንና ዶናልድ፣ ላንስና ፐርዲ የመጡት ከዚያ በኋላ ነው።

የራስን ዓይን የእውቀት ድንበር ማወቅ በየትኛውም ሙያ ብስለት ነው የሚባለው። ድራፍት ላይ ሲሆን ለምን ፍርሃት ተብሎ እንደሚጠራ አይገባኝም።

ወደ ኮከቡ ነገር ልሂድ። ጁሊዮ ጆንስን ለመውሰድ አትላንታ በ2011 ከ27ኛ ወደ 6ኛ ተራ ሲወጣ ለክሊቭላንድ ብራውንስ አምስት ተራ ሰጠ፤ ከእነዚያ አንዱ የ2012 አንደኛ ዙር ነበር። ጆንስ ታላቅ ተጫዋች ሆነ፤ በዚህ አንከራከርም። ጸሐፊው ያላነሱት ብራውንስ የተቀበለውን ምን እንዳደረገበት ነው። 27ኛውን ተራ ይዞ አልተቀመጠም፤ ሌላ ተራ ጨምሮበት ወደ 21 ወጣና ፊል ቴይለርን መረጠ። በ2012 ባገኘው ተራ ደግሞ የ28 ዓመቱን ኳርተርባክ ብራንደን ዊደንን ወሰደ፤ በዚያው ድራፍት ራስል ዊልሰን እስከ 75ኛው ተራ ድረስ ነበር። ስለዚህ ይህ ልውውጥ የሚመሰክረው ብራውንስ ክፉኛ እንደመረጠ፣ ያገኘውንም ትርፍ መልሶ ወደ ፊት ለመዝለል እንዳባከነው ነው። አትላንታስ? በ2013 ጆንስ አምስት ጨዋታ ተጫውቶ እግሩ ተሰበረ፤ ቡድኑ ያን ዓመት 4 አሸንፎ 12 ተሸነፈ። የሽንፈቱ ምክንያት የእሱ መጎዳት ብቻ ነው አልልም። ብዙ ተራን ለአንድ ሰው ያወጣ ቡድን ያ ሰው ሲወድቅ የሚተካው ሰው እንደሚያንሰው ግን ግልጽ ነው። አትላንታ በመጨረሻ ሱፐር ቦውል የደረሰው በ2016ቱ የጨዋታ ዘመን ነበር፤ 28 ለ 3 ከመራ በኋላ የተሸነፈለት ቡድን ኳርተርባክ ቶም ብሬዲ በ2000 በ199ኛው ተራ የተመረጠ፣ ተከላካዮች መሀል ገብቶ ኳሷን መሬት ሳትነካ የያዘው ጁልያን ኤደልማን ደግሞ በ232ኛው ተራ የተመረጠ ነው።

ኮከብ ወደ ኋላ ወርዶም ይገኛል። በ2018 ኢንዲያናፖሊስ 3ኛ ተራውን ለኒውዮርክ ጄትስ ሰጥቶ 6ኛውንና ሦስት የሁለተኛ ዙር ተራዎችን ተቀበለ። ጄትስ ሳም ዳርኖልድን መረጠ፤ በሦስተኛው ዓመት መጨረሻ ወደ ካሮላይና ሸኘው። ኢንዲያናፖሊስ በ6ኛው የአጥቂ መስመር ተጫዋቹን ክዌንተን ኔልሰንን አገኘ፤ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ዓመታት በተከታታይ የሊጉ ምርጥ አሰላለፍ ውስጥ ገባ። ከተቀበላቸው ተራዎች በአንዱ ብሬደን ስሚዝን መረጠና የመስመሩ ቀኝ ጫፍ ለዓመታት ተዘጋ። ቡድኑ ከ4 ድል ወደ 10 ድል ወጣ። ለዚህ የኳርተርባኩ አንድሩ ላክ ከትከሻ ጉዳት መመለስ ትልቁን ድርሻ ይወስዳል፤ ላክ ሲመለስ ግን የሚጠብቀው መስመር አገኘ።

ማሆምስን በተመለከተ ከጸሐፊው ጋር በከፊል እስማማለሁ። ኳርተርባክ የሌለው ቡድን ሌላው ሁሉ ቢሟላለት ብዙ ርቀት አይሄድም፤ ለዚያ ቦታ ወደ ፊት መውጣት ተገቢ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ካንሳስ ሲቲ በ2017 ከ27ኛ ወደ 10ኛ የወጣው ለባፋሎ አንድ የሦስተኛ ዙርና የ2018 አንደኛ ዙር ተራ ጨምሮ ነው፤ ባፋሎም ከዚያ በኋላ በተደጋጋሚ በማሆምስ ከጥሎ ማለፍ ወጥቷል። ይህ ልውውጥ ለካንሳስ ሲቲ ነው የሠራው፣ ጥያቄ የለውም። ባፋሎ ራሱ በቀጣዩ ዓመት ለጆሽ አለን ከ12 ወደ 7 ወጥቷል። ወደ ኋላ ብንሄድም ኒውዮርክ ጃያንትስ በ2004 ለኢላይ ማኒንግ የከፈለውን ሁለት ዋንጫ መልሶለታል።

ጸሐፊው ግን የደረሰላቸውን ቆጥረው ያልደረሰላቸውን አልቆጠሩም። ከ2012 እስከ 2023 ባሉት ዓመታት ኳርተርባክ ፍለጋ ከመጀመሪያዎቹ ሦስት ተራዎች ወደ አንዱ የወጡትን እንይ፦ ዋሽንግተን ለግሪፈን፣ ራምስ ለጃሬድ ጎፍ፣ ፊላደልፊያ ለካርሰን ዌንትዝ፣ ቺካጎ ለሚቸል ትሩቢስኪ፣ ጄትስ ለዳርኖልድ፣ ሳን ፍራንሲስኮ ለላንስ፣ ካሮላይና ለብራይስ ያንግ። ጎፍ ራምስን ለሱፐር ቦውል አብቅቷል፤ ዌንትዝም በ2017 ፊላደልፊያን እየመራ ሳለ ተጎዳና ዋንጫውን ተጠባባቂው ኒክ ፎልስ አነሳው። ከሰባቱ አንዱም በከፈለለት ቡድን ማሊያ ሱፐር ቦውል ተጫውቶ አላሸነፈም። ትሩቢስኪን ለመውሰድ ቺካጎ ሦስት ተራ ጨምሮ አንዲት ደረጃ ብቻ ነው የወጣው፤ ያን ቀን ማሆምስ ገና አልተጠራም ነበር።

ቀጣዩ የራምስና የብራውንስ ጉዳይ ነው፤ የጽሑፉ ጠንካራ ክፍል ይህ ነው። ዲሴምበር 7 ቀን 2014 እዚህ ሜሪላንድ፣ ላንዶቨር ስታዲየም ውስጥ የራምስ አሠልጣኝ ጄፍ ፊሸር ከግሪፈን ልውውጥ የተገኙ ስድስት ተጫዋቾችን አምበል አድርጎ ለሳንቲም ውርወራው ወደ መሀል ሜዳ ላከ። ጨዋታውን 24 ለ 0 አሸነፉ። የዋሽንግተን ደጋፊ ለሆንን ሰዎች መራራ ቀን ነበር። ጸሐፊው ግን ትክክል ናቸው፦ በፊሸር ዘመን ራምስ አንድም ዓመት ከተሸነፈው በላይ ያሸነፈበት የለም፤ ስድስቱ ሰዎች ቡድን አላደረጉም።

ለምን አላደረጉም የሚለው ግን መልስ ይሻል። ከዋሽንግተን ከመጡት ተራዎች ትልቁ ቀድሞ ያነሳሁት የ2014 2ኛ ተራ ነበር፤ እሱም በሮቢንሰን ላይ ዋለ። ልውውጡ እጃቸው ላይ ዕድል አኖረላቸው፣ ዕድሉን ያበላሹት በምርጫቸው ነው። ተራ መሰብሰብ በደንብ መምረጥን አይተካም፤ ይህን የሚክድ ካለ እኔም ከጸሐፊው ጋር ሆኜ እሞግተዋለሁ።

ብራውንስ በ2016 2ኛ ተራውን ለፊላደልፊያ ለቆ ደጋግሞ ወደ ኋላ ወረደና 14 ተጫዋች መረጠ። በዚያ ዓመትና በቀጣዩ በድምሩ 1 አሸንፎ 31 ተሸነፈ። ይህን ማንም ሊያስተባብለው አይችልም። ተራዎቹን የሰበሰበው ኃላፊ ሳሺ ብራውን በዲሴምበር 2017 ሲባረር ከሰበሰበው ገና ብዙ ሳይመረጥበት ነበር። ከፊላደልፊያ የመጣው የ2017 ተራ ወደ ሂውስተን ተለውጦ የ2018 4ኛ ተራን አመጣ፤ በእሱም ዴንዜል ዋርድ ተመረጠ። በ2020 ቡድኑ 11 ጨዋታ አሸንፎ ከ1994ቱ የጨዋታ ዘመን ወዲህ የመጀመሪያውን የጥሎ ማለፍ ድል ሲያገኝ ዋርድ ከዋና ተጫዋቾቹ አንዱ ነበር። የደጋፊው ሁለት ዓመት ስቃይ በዚህ ይካካሳል አልልም። ውጤቱን 2017 ላይ ቆርጦ "ይኸው ከንቱ ሆነ" ማለት ግን ሒሳቡን በግማሽ መዝጋት ነው።

ስለ 53ቱ ቦታ ጸሐፊው ያሉት ለስድስተኛና ለሰባተኛ ዙር ይሠራል፤ ከእነዚያ ብዙዎቹ የነሐሴውን ቅነሳ አያልፉም። የፊት ተራ የለቀቀ ቡድን የሚቀበለው ግን ብዙውን ጊዜ ሁለተኛና ሦስተኛ ዙር ነው። ደግሞስ ተራ ሁሉ ተጫዋች መሆን አለበት ያለው ማነው? ተራ ገንዘብም ነው።

የባልቲሞርን የ2018 ምሽት ማየት ይበቃል። ሬቨንስ 16ኛ ተራ ነበረው። ወደ 22 ሲወርድ ከባፋሎ 65ኛውን ተቀበለ (ያ 22ኛ ተራ ራሱ በማሆምስ ልውውጥ ከካንሳስ ሲቲ ለባፋሎ የደረሰው ነው)። ከ22 ወደ 25 ሲወርድ ከቴነሲ 125ኛውን አገኘ። በ25ኛው ሃይደን ኸርስት የተባለ ታይት ኤንድ (መስመሩ ጫፍ ላይ ቆሞ የሚከላከልም ኳስ የሚቀበልም ተጫዋች) መረጠ። የአንደኛው ዙር ሊዘጋ አንድ ተራ ሲቀረው ደግሞ ያንኑ 125ኛ ተራ ከ52ኛውና ከቀጣዩ ዓመት ሁለተኛ ዙር ጋር አያይዞ ለፊላደልፊያ ሰጠ፤ በምላሹ 32ኛውንና 132ኛውን ተቀብሎ ላማር ጃክሰንን ጠራ። የአንደኛ ዙር ተመራጭ ውል በቡድኑ ፈቃድ ወደ አምስተኛ ዓመት ስለሚራዘም ከ33ኛ ይልቅ 32ኛው መሆኑም ታስቦበታል። ጃክሰን በ2019 እና በ2023 የሊጉ ምርጥ ተጫዋች ሆኗል። 65ኛው ተራስ? ወደ 75፣ ከዚያ ወደ 86 ወረደና ማርክ አንድሩስ ሆነ። አንድሩስም ታይት ኤንድ ነው። 25ኛው ኸርስት ከሁለት ዓመት በኋላ ወደ አትላንታ ሲሸኝ 86ኛው አንድሩስ ለቡድኑ ምሰሶ ሆኖ ቀረ። ያን ምሽት የመራው ኦዚ ኒውሰም በሥራ አስኪያጅነቱ የመጨረሻ ድራፍቱ ላይ ነበር። ወደ ኋላም ወርዷል፣ ወደ ፊትም ወጥቷል፤ መውጫውን የከፈለው በመውረጃው ነው። በጸሐፊው መለኪያ ይህ ሰው ፈሪ ነው ወይስ ደፋር?

ራምስ በ2022 ያነሳው ዋንጫም ለጸሐፊው ብዙም አይረዳም። ራምስ ለጄለን ራምሲና ለማቲው ስታፎርድ አንደኛ ዙር ተራዎቹን ሲያወጣ የገዛው በሊጉ ለዓመታት የታዩ፣ ብቃታቸው የታወቀ ሰዎችን ነው። ያልታየ ልጅ ለመውሰድ ወደ ፊት መዝለል ሌላ ነገር ነው። የዚያ ፍጻሜ ምርጥ ተጫዋች ኩፐር ከፕ በ2017 በሦስተኛው ዙር፣ በ69ኛው ተራ ነው የተመረጠው። በ2019ም ራምስ 31ኛ ተራውን ለአትላንታ ለቆ 45ኛውንና 79ኛውን ተቀብሏል። ምሳሌ ያደረጉት ቡድን ራሱ ወደ ኋላ ወርዷል።

በመጨረሻ፣ ጽሑፉ ጨርሶ ያላነሳው አንድ ልውውጥ አለ፤ የቅርብ ጊዜ ስለሆነ መቅረቱ ገርሞኛል። በ2023 ካሮላይና ከ9ኛ ወደ 1ኛ ለመውጣት ለቺካጎ 9ኛውን፣ 61ኛውን፣ የ2024 አንደኛ ዙርን፣ የ2025 ሁለተኛ ዙርን፣ በዚያ ላይ የቡድኑን ዋና ኳስ ተቀባይ ዲጄ ሙርን ሰጠ። ብራይስ ያንግን መረጠ። በ2ኛው ተራ ማንንም ሳይለምን የቆመው ሂውስተን ሲጄ ስትራውድን ወሰደ፤ የዓመቱ ምርጥ የማጥቃት ጀማሪ የተባለው እሱ ነው። ያንግ ጥሩ ተቀባዩ በተሸጠበት ቡድን ውስጥ ገባ፣ ቡድኑም 2 አሸንፎ 15 ተሸነፈ፤ አሠልጣኙም የጨዋታ ዘመኑ ሳያልቅ ተባረሩ። ልጁ በኋላ መሻሻል አሳይቷል፣ ዕዳውም የእሱ አልነበረም። ሙር በቺካጎ በመጀመሪያ ዓመቱ 1,364 ያርድ ሠራ። ቺካጎ ከ9 ወደ 10 አንድ ደረጃ ዝቅ ብሎ ዳርኔል ራይትን መረጠ። የካሮላይና ሽንፈት የከፋ ስለነበር የ2024 ተራው 1ኛ ሆነ፤ ቺካጎም በእሱ ኬሌብ ዊሊያምስን ወሰደ።

ቺካጎ በ2024 5 አሸንፎ 12 ተሸንፏል፤ ልውውጡ በአንድ ጊዜ ቡድን አላደረገውም። ነገር ግን በዚያን ዕለት ከሁለቱ ሥራ አስኪያጆች በየትኛው ወንበር ላይ መቀመጥ ይሻል ነበር? ጸሐፊው ቀጣይ ጽሑፍ ካላቸው ለዚህ ጥያቄ እንዲመልሱልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።